እትዬ ቀጥሎን የተመለከተው የቀድሞ መግለጫችን በዚህ ስለ መተካቱ

የበጎ ፈቃድ ጤና ሠራተኞች ማኅበር በአባሉ በእትዬ ቀጥሎ ሞት የተሰማውን ከባድ ሀዘን ከዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ገልጾ ነበር። ዛሬ እንደገና ይገልጻል። የመጀመሪያው መግለጫ ስህተት ነበረበት። የፊደል ግድፈት ወይም የቀን መፋለስ ቢሆን በአንዲት መስመር ማስተካከያ እናልፈው ነበር፤ የተሳሳትነው ግን የሞታቸውን ምክንያት ነው። ስለዚህ አባላት፣ የወረርሽኙ ሕክምና ማዕከል ሠራተኞችና ሕዝቡ ያንን ወረቀት እንዳልወጣ ቆጥረው ይህን እንዲያነቡልን እንጠይቃለን።

መግለጫውን በመዝገብ ስማቸው ብናወጣው ግማሹ አባል "ደግሞ እኚህ ማን ናቸው?" ማለቱ ስለማይቀር ሁሉም በሚያውቃቸው ስም እንጠራቸዋለን። ስሙን ያወጡላቸው የመጀመሪያው ዙር በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መጀመሪያ ሲሰሙት ተቆጥተው ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ስልክ ሲያነሡ ራሳቸው "ቀጥሎ ነኝ" ማለት ጀመሩ።

እትዬ ቀጥሎ ሠላሳ አንድ ዓመት በቀዶ ጥገና ክፍል ነርስነት አገልግለው በጡረታ የተሰናበቱ ባለሙያ ነበሩ። በዚያ ክፍል ዋና ሥራቸው መቁጠር ነበር። የታማሚው ሆድ ከመሰፋቱ በፊት መርፌውን፣ መቀሱንና የደም መጥረጊያውን ጎዝ አንድ በአንድ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩ ካልሞላ ቀዶ ሐኪሙ የፈለገውን ያህል ቢቸኩል አይሰፋም። አብረዋቸው የሠሩ ሐኪም እንደነገሩን አንድ ጊዜ አንዲት ጎዝ ጎድላ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሁሉንም አቁመው፣ በመጨረሻ ጎዟ ከሐኪሙ ጫማ ሥር ተገኝታለች። ይቅርታ አልጠየቁም፤ ቆጠራውን ግን ከአንድ ጀመሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከልጃቸው ጋር እየኖሩ፣ በሚያማቸው ጉልበት የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ያደርሱ ነበር።

በወረርሽኙ ሁለተኛ ሳምንት፦ ማኅበራችን የበጎ ፈቃደኛ ጥሪ ባደረገ በሦስተኛው ቀን ለመመዝገብ መጡ። ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ ሰው እንዳይመዘገብ መመሪያ ስለነበረ መዝጋቢያችን መለሰቻቸው። አልተመለሱም። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቁና "ውስጥ አስገቢኝ አላልኩሽም፤ በር ላይ ልቀመጥ ነው የምልሽ። በር ላይ የሚቀመጥ ሰው ስንት ዓመቱ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?" አሏት። መዝጋቢያችን መዘገበቻቸው። ያ በር ከማዕከሉ ሁሉ የሚያስፈራው ቦታ እንደሆነ እሷ አላወቀችም ነበር፤ እሳቸው ያውቁ ነበር።

ማዕከሉ የተዘጋ ትምህርት ቤት ነው። ታማሚዎቹ የሚተኙት በመማሪያ ክፍሎቹ ውስጥ ሲሆን ዴስኮቹ ግቢው ውስጥ ተቆልለዋል። ወደ ታማሚዎቹ የሚገባ ሰው ከእግር እስከ ራሱ ቱታ፣ ሽርጥ፣ ቦቲ፣ ማስክ፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ድርብ ጓንት ይለብሳል። ለብሶ መግባቱ ይህን ያህል አያሳስብም። ሰው በበሽታው የሚያዘው ሲያወልቅ ነው፤ ልብሱ ላይ ያለው ነገር ዓይኑ ወይም አፉ ዘንድ የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ሲባል አወላለቁ ሃያ አራት ደረጃ አለው። ደክሞና በሙቀት ነፍዞ የሚወጣ ሰው ሃያ አራት ነገር በቅደም ተከተል ያስታውሳል ተብሎ ስለማይጠበቅም የታማሚዎቹን ወገን ከንጹሁ ከሚለየው መስመር ወዲህ አንድ አንባቢ ይቆምለታል። አንባቢው ደረጃውን ከወረቀት ያነባል፣ የሚያወልቀው ያደርጋል፤ ሲጨርሱ አንባቢው መዝገቡ ላይ "ተነቧል" ብሎ ይፈርማል።

እትዬ ቀጥሎ የማዕከሉ የመጀመሪያዋ አንባቢ ነበሩ። በፕላስቲክ የተለበጠውን ዝርዝር ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ በፋሻ ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን መነጽር አድርገው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ያነባሉ። እያንዳንዱ ደረጃ እንዳለቀ "ቀጥሎ" ይላሉ። ስማቸውም የመጣው ከዚህ ነው። ሁለት ሕግ ነበራቸው፤ ሁለቱንም ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጽፈዋቸዋል፤ እስካሁን አልጠፉም። አንደኛው "በቃል አይባልም፤ ይነበባል" ይላል። ሁለተኛው "የሚያወልቅ ሰው አያስብም፤ ይሰማል" ይላል።

ሕጋቸው ለሁሉም እኩል ነበር። የማዕከሉ ኃላፊ ሐኪም ማስካቸውን ሊያወልቁ ሲሉ አፍንጫቸውን ለመንካት እጃቸውን ቢያነሡ እትዬ ቀጥሎ "ዶክተር፣ አፍንጫዎን ቤትዎ ሄደው ይከኩ" ብለው እጃቸውን እንደገና አስታጥበዋቸዋል። ኃላፊው በነገሩ ቅር እንዳልተሰኙ በዚህ መግለጫ እንዲጠቀስላቸው ጠይቀዋል። ትንሽ ቅር ብሏቸው እንደነበር እኛ እናውቃለን።

ከሦስተኛው እስከ ሃያ ሁለተኛው ሳምንት፦ እትዬ ቀጥሎ ከአራት ሺህ ጊዜ በላይ አንብበዋል። ካነበቡላቸው ሰዎች መካከል በበሽታው የተያዘ የለም። ይህ ቁጥር ከመዝገቡ ላይ ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ነው፤ አንድ ጊዜ ቆጥረን ብናቀርበው ያፍሩብን ነበር።

በዚሁ ጊዜ ውስጥ ሦስተኛ አንባቢ እንዲመደብ ለማኅበራችን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀዋል። ሁለት አንባቢ ለአንድ ማዕከል እንደማይበቃ፣ አንባቢ ከአራት ሰዓት በላይ ከሠራ ዓይኑ መስመር መሳት እንደሚጀምር ከነምክንያቱ አስረድተዋል። ደብዳቤዎቹ ፋይል ውስጥ አሉ። ሁለቱም ላይ "ታይቷል" የሚል ማህተም አለ። ታይቷል እንጂ የተደረገ ነገር የለም። ሰው አልነበረንም፤ የነበረንም ደክሞ ነበር። ይህን የምንለው ለማመካኛ አይደለም፤ ከእንግዲህ ምንም መስመር ላለመዝለል ስለወሰንን ነው።

በሃያ ሦስተኛው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፦ ዘጠኝ ታማሚዎች ባሉበት ክፍል ከገቡት ሁለት ነርሶች አንዱ በሙቀት ተዝለፍልፎ ወጣ። ማንም ብቻውን ውስጥ አይቀርም የሚል መመሪያ ስላለ የቀረችው ነርስ ወዲያው ጓደኛ ካልተላከላት ታማሚዎቹን ትታ መውጣት ነበረባት። ሁሉም ፈረቃውን ጨርሶ ነበር። እትዬ ቀጥሎ ከወንበራቸው ተነሥተው ዝርዝሩን ለሁለተኛው አንባቢ ሰጡና ለበሱ። በሃያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መስመሩን ተሻገሩ። አርባ ደቂቃ ውስጥ ቆዩ። ነርሷ እንደምትናገረው ገብተው የቀየሩት አንሶላ ሦስት፣ ውኃ ያጠጡት ሰው አራት ነው፤ ሁሉንም ጮክ ብለው ቆጥረውታል።

ሲወጡ ያነበበላቸው ሁለተኛው አንባቢ የማኅበራችን ጸሐፊ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ሲሆን የዚህ መግለጫም ሆነ የቀድሞው አርቃቂ እሱ ነው። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ አሥር ሰዓት ሙሉ ቆሞ ለሃያ ስድስት ሰው አንብቧል። ሃያ ሰባተኛዋ እሳቸው ነበሩ። ዝርዝሩ እጁ ላይ ነበር፤ ዓይኑ ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም። በቃሉ ነው ያለው።

በዝርዝሩ ላይ "እጅዎን ይታጠቡ" የሚለው ቃል ዘጠኝ ቦታ ይገኛል። ከወረቀት ለሚያነብ ሰው ዘጠኙ ዘጠኝ ናቸው፤ በቃሉ ለሚል ሰው ግን ሁሉም አንድ ይሆኑበታል። ጸሐፊው ደረጃ አሥር ላይ ቱታውን አስወለቀ፤ ደረጃ አሥራ አንድ ላይ "እጅዎን ይታጠቡ" አለ። ከዚያ በአሥራ ሦስተኛው ላይ የቆመ መስሎት ወደ አሥራ አራተኛው ሄደና "መነጽርዎን ያውልቁ" አለ። በመካከሉ የላይኛው ጓንት መውለቅ ነበረበት። አልተነበበም።

እትዬ ቀጥሎ ዝርዝሩን ከማናችንም በላይ ያውቁታል። ግን የሚያወልቅ ሰው አያስብም፣ ይሰማል፤ ሕጉ የራሳቸው ነው። የቆሸሸው ጓንት እጃቸው ላይ እንዳለ መነጽራቸውን አወለቁ። ጣታቸው የዓይናቸውን ሥር ነካ። ያን ጊዜ ሁለቱም አዩት። ከዚያ "ወረቀቱን ተመልከት፣ ልጄ" አሉት። ቀጥለውም "የቱ ነው ቀጥሎ?" ብለው ጠየቁት። ጣቱን መስመሩ ሥር አድርጎ እስከ ሃያ አራት አነበበላቸው። ዓይናቸውን በውኃ አጠቡ። ከዚያ ጸሐፊው "ተነቧል" ብሎ ፈረመ፤ እሳቸው መዝገቡን ከእጁ ወስደው የአስተያየት ዓምዱ ላይ እንዲህ ጻፉ፦ "ደረጃ 12 እና 13 ታልፈዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንባቢውን ሳላዳምጥ ቀደምሁ።"

ጸሐፊው እንዲህ አይሆንም ብሎ ተከራክሯል። እሳቸው ግን "መመሪያውን ታውቀዋለህ። ደረጃ የዘለለ አንባቢ አንድ ወር ይታገዳል። አንተ ከታገድህ ነገ ማን ሊያነብ ነው? እኔ እንደሆንሁ ከዛሬ ጀምሮ ክትትል ውስጥ ነኝ" አሉት። በማግስቱ ለፈረቃው ሁሉ ያነበበው እሱ ብቻውን ነበር። የልባቸውን ስሌት አሁን ስናየው ቁጥሩ ልክ ነው። እኛን ግን አንገታችንን አስደፍቶናል፤ ልክ የሆነው የእኛ ጉድለት ስለ ነበረ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው። ከበሩ ስድስተኛው አልጋ ለመድረስ የሄዱት ሃያ እርምጃ ያህል ነው። አሥራ ሦስት ቀን ታመሙ። ልጃቸው በየቀኑ ከመስኮቱ ውጭ እየቆመች አነጋግራቸዋለች፤ ስለ ጓንቱ አንድም ቀን አላነሡላትም። አልጋቸው የማውለቂያው ቦታ አጠገብ ስለነበረ ንባቡ ይሰማቸዋል። አንባቢው የቸኮለ ሲመስላቸው በኩባያቸው የአልጋውን ብረት ያንኳኳሉ። ለሥልጠና የመጣው አዲስ አንባቢ ብዙ ጊዜ ተንኳኩቶበታል። ጸሐፊው ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኑን ከወረቀቱ ስለማያነሣ በእሱ አላንኳኩበትም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከቀትር በፊት አረፉ።

የመጀመሪያውን መግለጫ ያወጣነው በዚያው ቀን ነው። ከወረርሽኙ መነሻ ጀምሮ ማኅበራችን ያወጣው አሥራ አራተኛው የሀዘን መግለጫ ስለነበረ ከሁለት ፈረቃ መካከል በሃያ ደቂቃ ተጻፈ። እውነቱን ለመናገር በቃላችን ነው የጻፍነው። "ከባድ ሀዘን"፣ "የማይተካ"፣ "ምሳሌነታቸው" የሚሉት ቃላት ከአሥራ ሦስተኛው መግለጫ እንዳሉ ተላልፈዋል። አዲስ የነበረው ዓረፍተ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መዝገቡን ተመርኩዞ "በአወላለቅ ወቅት በፈጸሙት የጥንቃቄ ጉድለት" እንደተያዙ ይገልጻል። ያችን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ጸሐፊው ነው። ለምን ብለን ጠይቀነዋል። "እሳቸው የጻፉትን ነው የገለበጥሁት አልሁ ለራሴ። ፈርቼ ነው" ብሏል።

አንዲት ዓረፍተ ነገር የት ድረስ እንደምትሄድ አላሰብንም። በሳምንቱ ሁለት አሠልጣኞቻችን ለአዲስ በጎ ፈቃደኞች "የቀጥሎን ስህተት እንዳትሠሩ" እያሉ ያስተምሩ ነበር። የእትዬ ቀጥሎ ልጅ ፋርማሲስት ናት። ይህን የሰማችው ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ፣ ከፊቷ ተራ ይዘው ከቆሙ ሁለት ሠልጣኞች አፍ ነው። "ሰው ስታስተምር ከርማ ራሷ ረሳችው እኮ" ይባባሉ ነበር። መድኃኒታቸውን ሰጥታ፣ አወሳሰዱን ነግራ ሸኝታቸዋለች።

ከዚያ ደብዳቤ ጻፈችልን። ወደ ማኅበሩ የሚመጣ ደብዳቤ ለሥራ አስፈጻሚው ጮክ ተብሎ የሚነበብ ሲሆን የሚያነበውም ጸሐፊው ነው። የልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታችንን አጥፈን ተቀምጠን ሰማነው። ደብዳቤው ከሞላ ጎደል እንዲህ ይላል፦ "እናቴ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ከከተፈች በኋላ እንኳ እጇን ሳትታጠብ ፊቷን ነክታ አታውቅም። ሳላዳምጥ ቀደምሁ ብላ ከጻፈች ዋሽታለች ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ለራሷ ብላ አትዋሽም። አበባም የምስጋና ወረቀትም አልጠየቅኋችሁም። የእናቴን ስም መልሱልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ያን ቀን አንባቢው ማን ነበር?"

ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆመ። ደብዳቤው በእሱ እጅ ነበር፤ ያንን መስመር ቢዘለው ማናችንም አናውቅም ነበር። አነበበው። ከዚያ "እኔ ነኝ" አለ።

ስሙ መዝገቡ ላይ ከነፊርማው ነበረ። ከአንድ ወር በላይ ያንን ገጽ ከአምስት ያላነስን ሰዎች ገልጠነዋል። ሁላችንም የአስተያየቱን ዓምድ አይተን ዘጋነው። ማኅበሩ በዚህ እጅግ አፍሯል።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው የሚከተለውን ወስኗል። የቀድሞው መግለጫ ከተለጠፈበት ሁሉ ይነሣል። በሥልጠና ላይ "የቀጥሎ ስህተት" የሚል አነጋገር የሚጠቀም አሠልጣኝ አይኖርም፤ ስህተቱ የአንባቢው ነው፤ ከአንባቢው በፊት ደግሞ አሥር ሰዓት ያቆመው የማኅበሩ ነው። እትዬ ቀጥሎ ደረጃ አልዘለሉም። መዝገቡ ላይ የጻፉት አይሰረዝም፤ በእጃቸው የተጻፈ ነውና። ከሥሩ ግን ጸሐፊው እውነቱን በራሱ እጅ ጽፎ ፈርሟል። ሦስተኛና አራተኛ አንባቢ ተመድበዋል። ደብዳቤዎቻቸው ላይ "ታይቷል" ከሚለው ማህተም አጠገብ "ተፈጽሟል" ተብሎ ተጽፏል፤ መዘግየቱን እያየነው ነው የጻፍነው።

ጸሐፊው እንዲታገድ ራሱ ጠይቋል። ጉዳዩን ያየነው ልጃቸው በተገኘችበት ነው። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ "እናቴ የዋሸችው እሱ እንዲያነብ ነው። ካገዳችሁት ውሸቷ ከንቱ ይሆናል። ያንብብ። ደስ ብሎኝ ግን አይደለም" አለች። ደስ እንዲላት የምንጠይቅበት ፊት የለንም። አዲሶቹ አንባቢዎች ሥልጠና ጨርሰው እስኪተኩት ድረስ ያነባል፤ ከዚያ የአንድ ወር እገዳውን ይፈጽማል።

ማኅበሩ ለልጃቸው፣ ለልጅ ልጃቸው፣ በቀዶ ጥገና ክፍል አብረዋቸው ለቆጠሩ ባልደረቦቻቸው፣ አራት ሺህ ጊዜ ላነበቡላቸውና ዛሬም በሕይወት ላሉ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ደክሞናል፤ ወረርሽኙም ገና አላለቀም። አሥራ አምስተኛ መግለጫ እንዳንጽፍ የምንችለውን እናደርጋለን።

ይህ መግለጫ ከነገ ጀምሮ ለአንድ ወር በየፈረቃው መግቢያ፣ ከወረቀት፣ ጣት ከመስመሩ ሥር ሆኖ ይነበባል። የሚያነበው ጸሐፊው ነው። ልጃቸው መዝጊያው ላይ የተለመደው የማጽናኛ ቃል እንዳይኖር ጠይቃለች። በምትኩ ለእናቷ ሳይነበቡ የቀሩት ሁለት መስመሮች እንዲነበቡላቸው ፈልጋለች።

ደረጃ አሥራ ሁለት፦ የላይኛውን ጓንት ያውልቁ።

ደረጃ አሥራ ሦስት፦ እጅዎን ይታጠቡ።

ተነቧል።

የማኅበሩ ጸሐፊ